አማቴ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ቅዳሜ

«እሺ አቶ ማቴዎስ፣ እስኪ ስለ ራስዎ ይንገሩን።»

ይህን ያሉኝ አማቴ ናቸው። ብስራተ ገብርኤል ባለው ቤታቸው፣ ከምግብ ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው። ልጃቸውን ካገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ ስሜን ከአፋቸው ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በዚያ ላይ አንቱ ብለው! በቃሌ የያዝኩት መልስ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ሰው አማቱ ፊት ለሥራ ፈተና የሚቀመጥበት ምክንያት ይኖረዋልና አስቀድሜ እሱን ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ሥራ ካጣሁ ወራት አልፈው ነበር። ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ምክትል የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ዕቃው መግባት ሲያቆም ባለቤቱ ጥቂት ታገሉና መጋዘኑን ዘጉት። ባለቤቴ ሕሊና፣ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ሀና ማርያም በተከራየናት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠዋት እሷን በር ድረስ እየሸኘሁ ከሰዓት በኋላ የምትመለስበትን ሰዓት መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እንዲያውም እሱ ነበር የሚከብደኝ።

ቃለ መጠይቅ ሳይደርሰኝ ቀርቶ አይደለም። ሦስት ቦታ ገባሁ፤ ሦስቱም ቦታ ወደቅኩ። አወዳደቄ ነው የሚገርመው። ከኢንተርኔት ላይ «ምርጥ መልሶች» የሚባሉትን ለቅሜ በእንግሊዝኛም በአማርኛም በቃሌ እይዛለሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ መስታወት ፊት እለማመዳለሁ። መስታወቱ ፊት ጎበዝ ነበርኩ። መስታወት ግን ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ሦስተኛው ቦታ ላይ አንዲት ሴት ጠያቂ ፈገግ ብላ «ካነበብከው ውጪ የሆነ ነገር ንገረን» ስትለኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አራተኛው ጥሪ ዓርብ ዕለት መጣ። መድኃኒት የሚያከፋፍል ድርጅት፣ የመጋዘን ኃላፊ፣ ሰኞ ጠዋት። ደስታዬን ከፍርሃቴ መለየት አቃተኝ። ሕሊና ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ሰማችኝና፣

«እማዬን ለምን አታናግራትም?» አለችኝ።

«የትኛዋን እማዬን?»

«ስንት እማዬ አለኝ? እድሜዋን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ስትቀጥር አይደል የኖረችው? እሷ ጠይቃህ ተለማመድ።»

«ሕሊና፣ ከእናትሽ ጋር ከሰላምታ ሌላ ሁለት ዓረፍተ ነገር አውርተን እናውቃለን?»

«አሁን ታወራላችኋ» አለችኝና ስልኳን አነሳች።

እውነቴን ነው። አማቴ ወይዘሮ አስካለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው በጊዜ ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ቅዳሴ የማያልፋቸው የገብርኤል ምእመን። እኔ ደግሞ ከሆሳዕና የመጣሁ፣ ጴንጤ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ «እናስብበት» ብለው ዓመት አቆዩን። በሠርጋችን ቀን መጥተዋል፤ በዓል ሲሆን እንሄዳለን፤ «እንዴት ነህ?» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ከዚያ እሳቸው ከልጃቸው ጋር፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጋር። ስለ እኔ ሲያወሩ «ያንቺ ሰውዬ» ነው የሚሉት። ክፉ አይደሉም። ብቻ በሩ አልተከፈተም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መካኒሳ ታክሲ ቀይረን ደረስን። ሕሊና እናቷን ስማ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ሆን ብላ ነው። አማቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ሹራብና ስኒከር ነበር ያደረግሁት።

«ሰኞ እንደዚህ ሆነህ ነው የምትሄደው?»

«አይ እማማ፣ ሱፍ አለኝ። ለልምምድ ነው ብዬ…»

«ልምምድ ማለት እኮ ሰኞን ቅዳሜ ማድረግ ነው። ሰኞ የማታደርገውን ዛሬ ከተለማመድክ ምን ትርጉም አለው? በል፣ ለዛሬ ይሁን። ነገ በሱፍህ ትመጣለህ። አሁን ውጣና ከበሩ ጀምር።»

«ከበሩ?»

«ከበሩ። አንኳኳ፣ ግባ፣ ቁጭ በል እስክልህ ቁም። ካልኩህ በኋላ እስከ መጨረሻው አናቋርጥም። ብትሳሳትም አናቋርጥም። ሰኞ 'ቆይ ከመጀመሪያ ልጀምር' የሚባል ነገር የለም።»

ወጣሁ። የራሴን አማት በር አንኳኳሁ። ስገባ የማውቃቸው ሴትዮ አልነበሩም። ፊታቸው ላይ ጥላቻ የለም፤ ዝምድናም የለም። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን ጥያቄ የጠየቁኝ።

ብን ብሎ ከጠፋው መልስ ውስጥ ቁርጥራጩን ለቃቅሜ ጀመርኩ። «እኔ ጠንካራ፣ ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫናን የሚቋቋም…» ጨረስኩ። አማቴ ዝም አሉ። እርሳሳቸውን ይዘው ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረዋል። ዝምታው ሲረዝምብኝ «በተጨማሪም ሰዓት አከብራለሁ» አልኩ። አሁንም ዝም። «አንዳንዴ የትራንስፖርት ችግር ካላጋጠመ በስተቀር» አልኩ። ዝም። «ባለፈው መሥሪያ ቤትም የዘገየሁት ጥቂት ጊዜ ነው» አልኩ። ከወጥ ቤት የሆነ ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማሁ።

«ድክመትዎ ምንድን ነው?»

ይቺን አውቃታለሁ! «ድክመቴ ሥራ ማብዛቴ ነው። ሁሉም ነገር ፍጹም እንዲሆን ስለምፈልግ ራሴን እጎዳለሁ።»

እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ያም ሆኖ እንዳሉት አላቋረጡም፤ የቀሩትን ጥያቄዎች ጠይቀው «እናመሰግናለን» ብለው አስወጡኝ። ተመልሼ ስገባ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር፤ ወደ «አንተ»ም ተመለሱ።

«ቁጭ በል። ያቺን የድክመት መልስ ከየት አመጣሃት?»

«ኢንተርኔት ላይ…»

«እኔ ኢንተርኔት ሳይመጣም ስሰማት ኖሬያለሁ። የነገረኝን ሰው አንዱንም አምኜው አላውቅም። ሁለተኛ ነገር፣ እኔ ዝም ስል ለምን ትጨምራለህ?»

«መልሴ ያልበቃዎት መስሎኝ።»

«እኔ እየጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያው መልስህ ባያስደስትም አይጥልህም ነበር። የጣለህ ሳልጠይቅህ የጨመርከው ነው። አንተ ስትፈራ ሳትጠየቅ ትመልሳለህ። እወቀው፤ ይሄ ነው ድክመትህ።»

ፊቴ ጋለ። ግን ልቤን የወጋኝ ስድብ ሆኖ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ለሕሊናም እንደዚያው ነበርኩ። ዝም ስትል ሥራ ስለማጣቴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ እሷ ግን የምታስበው ስለ ሌላ ነገር ነው።

«እንድገመው» አሉኝ። «አሁን ግን ታታሪ፣ ጠንካራ የሚባል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። የሆነውን ንገረኝ። ሠራሁ በለኝና እኔ ራሴ ታታሪ ነው ልበል።»

እንደገና ወጣሁ፣ አንኳኳሁ፣ ገባሁ። ሁለት ሦስት ጥያቄ ካለፍን በኋላ፣

«አቶ ማቴዎስ፣ ባለፈው ሥራዎ ላይ ካደረጉት ነገር የሚኮሩበትን አንድ ይንገሩን» አሉኝ።

ለዚህም የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ጥቂት አሰብኩ። ስላሰብኩ ደግሞ ጣራው አልወደቀም።

«ድርጅቱ ሊዘጋ ሲል» አልኩ፣ «ባለቤቱ የቀረውን ዕቃ እንዳስረክብ እኔን አስቀሩኝ። ጫኝና አውራጆች ነበሩን፤ በቀን ሒሳብ የሚሠሩ። ዓመታት ሠርተዋል፤ ፋይል ግን የላቸውም። ሌላ ቦታ ሄደው 'የት ሠራችሁ?' ሲባሉ የሚያሳዩት ነገር የለም። ባለቤቱን የሥራ ልምድ ይጻፉላቸው ብዬ ለመንኳቸው። 'ፋይል ለሌለው ሰው ምን ብዬ ልጻፍ?' አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ በራሳቸው ኪሳራ ተጨንቀው ነው። በነጋታው ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን ሄድኩ። 'እኔ ሠርተዋል ብዬ እፈርማለሁ፤ እርስዎ ማኅተም ብቻ ያድርጉልኝ' አልኳቸው። በመጨረሻ ሰለቻቸውና 'አምጣው በቃ' አሉኝ። ለሁሉም ደረሳቸው። አንደኛው፣ ብርሃኑ የሚባል፣ ሲሚንቶ መጋዘን ሲቀጠር ደውሎልኛል።»

«እርስዎስ? ያን ጊዜ ሥራ ይፈልጉ ነበር?»

«አንድ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። በዚህ ነገር ስሯሯጥ ቀኑ አለፈብኝ።»

«ይቆጭዎታል?»

«ይቆጨኛል። ድጋሚ ቢሆንም ግን እንደዚያው የማደርግ ይመስለኛል።»

አማቴ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። የምጨምረው ነገር አልነበረኝም፤ ለመጨመርም አልፈለግሁም። ከውጭ የቆራሌው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዞር ስል ሕሊና የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማለች።

«ይሄን ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም» አለችኝ።

«ምን ብዬ? የራሴን ሥራ መፈለግ ትቼ የሰው ወረቀት ሳስጽፍ ከረምኩ ልበልሽ?»

ዓይኗን ጠርጋ ተመልሳ ገባች።

ወይዘሮ አስካለ ፊታቸው ያለውን ወረቀት ወደ ጎን አደረጉት። ቃለ መጠይቁ ያለቀ መሆኑን ያወቅሁት በድምፃቸው ነው።

«እኔ ስንቱን ሰው ቀጥሬያለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «የምኮራበት ነገር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሳልጠይቅ የወሰንኩበት ሰው የለም። ጫማው የተቀደደውንም፣ የሚንተባተበውንም፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ አስቀምጬ ጠይቄ ነው። ሕሊና አንተን ይዛ የመጣች ቀን ግን ገና በበሩ ስትገባ ነው የወሰንኩት። ከየት ነህ አልኩህ፣ ነገርከኝ። የት ነው የምታመልከው አልኩህ፣ ነገርከኝ። በቃኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁህም።»

ብዙ ዓመት ልሰማው የፈለግሁት ነገር ነበር፤ ሲመጣ ግን የማሸነፍ ስሜት አልተሰማኝም። እኚህ ሴት ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደከበዳቸው ነው የታየኝ።

«ሃይማኖት ነው እያልኩ ነበር» ቀጠሉ። «ሃይማኖቱም አለ፤ አልዋሽህም። ግን ያለችኝ አንድ እሷ ናት። ይዟት ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። አንተ ግን ይዘሃት የሄድከው እዚሁ ሀና ማርያም ድረስ ነው!»

ከወጥ ቤት የሕሊና ሳቅ ተሰማ። እኛም ሳቅን። የእኔ ሳቅ ትንሽ እንባ ነበረው።

«እማማ» አልኳቸው ሳቁ ሲበርድ፣ «እኔም እርስዎን ጠይቄዎት አላውቅም።»

«ምን?»

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋሁ። «እስኪ ስለ ራስዎ ይንገሩን።»

መጀመሪያ እጃቸውን አወናጨፉ። «ሂድ ወዲያ! ምን አለኝ የምነግርህ!» እኔ ግን ከእሳቸው የተማርኩትን አደረግሁ፤ ዝም አልኩ። ቆይተው ጀመሩ። ሥራ ለመቀጠር የተጠየቁበትን ቀን ነገሩኝ። ባላቸው ከሞቱ ብዙ አልቆየም። ሦስት ወንዶች ተቀምጠው አንዱ «ልጅሽ ስታለቅስ ማን ይይዝልሻል?» አላቸው። «እርስዎ ልጅዎን ማን ይዞልዎት መጡ?» ብለው መለሱ። መሐል የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀና ቀጠራቸው። ሕሊና ሰላሳ ዓመት አልፏት ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር። ምሳ ቀርቦ ሁሉ ወሬው አላለቀም። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን የከፈተው የለም።

እሑድ እሳቸው ከቅዳሴ፣ እኛም ከእኛ አምልኮ ስንመለስ ተገናኘን። ሱፌን ለብሻለሁ። ስገባ ከአማቴ አጠገብ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ተቀምጠዋል። የተሰጣቸው ሥራ አለመሳቅ፣ ሰዓታቸውን ማየትና መሐል ላይ ማዛጋት ነበር። ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ፤ እንዲያውም የእውነት እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። አማቴ ጥያቄዎቹን ቅደም ተከተላቸውን አዘበራረቁብኝ፤ ያልጠበቅሁትን አመጡብኝ፤ «ይህን አላውቅም» የሚለውን ቃል ሳላፍር እንድናገር አደረጉኝ። ሁለቴ ወደቅኩ። ሦስተኛው ላይ «አሁን አንተን ሰማሁህ» አሉኝ።

ስንወጣ በር ላይ «ሰኞ ጠዋት እንዳትለማመድ» አሉኝ። «ፊትህን ታጥበህ ሂድ። እንደሚያውቁህ ሰዎች አድርገህ አናግራቸው፤ ገና አላወቁህም እንጂ።»

ሰኞ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ፈራሁ እንዴ? ፈራሁ። ግን ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ ቅዳሜ ተገናኝተናል። ዝም ሲሉ ዝም አልኩ። ስለ መድኃኒት ማቀዝቀዣ የማላውቀውን አላውቅም አልኩ፤ እንዴት እንደምማረው ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ አንደኛው ሰውዬ፣

«ሰው ነግሮህ ያመንክበት ድክመት አለህ?» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት። «ስፈራ ሳልጠየቅ እመልሳለሁ። ሰው ዝም ሲል ያጠፋሁ ይመስለኛል። አሁን ከመናገሬ በፊት መጠበቅ እየተለማመድኩ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«አማቴ።»

ሦስቱም ሳቁ። ሰውዬው «አማትህ ቃለ መጠይቅ ያደርጉልሃል እንዴ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፣ «ከእናንተ ይከብዳሉ።»

ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። «ሃሎ እማማ፣ ወጣሁ!» ካልኩ በኋላ ነው ከሚስቴ በፊት እሳቸው ጋ መደወሌን ያስተዋልኩት። ሕሊና እስከ ዛሬ ትቀልድብኛለች።

ያን ሥራ አላገኘሁትም። ደውለው በትህትና ነገሩኝ፤ መድኃኒት ላይ የሠራ ሰው መርጠዋል። እንደ ድሮው ቢሆን ብርድ ልብስ ተከናንቤ እተኛ ነበር። ለአማቴ ስነግራቸው «የጠየቁህን ሳትረሳው ና» ብቻ አሉኝ። ሄድኩ፤ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው፤ የትኛው መልሴ እንደሳሳ አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ ባለው ወር ለቡ የሚገኝ አንድ የቀለም ፋብሪካ ጠራኝ። እዚያ ተቀጠርኩ። አሁንም እዚያው ነኝ፤ የመጋዘን ኃላፊ።

ወገኖቼ፣ ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ ይህችን ከእኔ ውሰዱ። ብቻችሁን መስታወት ፊት አትቁሙ። የማያባብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ሊያዋርዳችሁ የሚፈልግ ሰው ግን አይሁን። ያን ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ከበር ጀምሩ፣ ሰኞ የምትለብሱትን ልበሱ፣ ስትሳሳቱ አታቋርጡ። ሲያልቅ ደግሞ «ጎበዝ ነህ» የሚላችሁን ሳይሆን «እዚህ ጋ ጠፋኸኝ» የሚላችሁን አዳምጡት። የሰው መልስ አትሸምድዱ። የራሳችሁ ታሪክ አላችሁ፤ ለሥራ የሚሆን ስለማይመስላችሁ ነው ደብቃችሁ የያዛችሁት። እኔ ደብቄ የያዝኩት ከሚስቴ ጭምር ነበር።

እናንተ ሥራ ያላችሁ ደግሞ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሳትጠይቁ የወሰናችሁበት ሰው ካለ አስቡ። አማቴ ከእኔ ጋር በሁሉም ነገር ተስማምተዋል አልልም። በሃይማኖት እሳቸው እሳቸው ናቸው፣ እኔም እኔ ነኝ፤ አንዳንዴ እንከራከራለን። የምንከራከረው ግን ተቀምጠን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደወሉልኝ። የወይዘሮ ፀሐይ የእህት ልጅ ተመርቃ ለባንክ ተጠርታለች፤ ልታለማምዳት ና አሉኝ። ስደርስ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ ከአጠገባቸው ሌላ ወንበር አስቀምጠዋል። ልጅቷ አንኳኩታ ገባች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች። አማቴ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ጀምርላት፤ አንተ ፍርሃቱን ታውቀዋለህ» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔም ልጅቷ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኋት።